ከጭራ አጥንት ላይ እየመገለ የሚመላለስ ቁስል፦ ኪንታሮት ሳይሆን የፀጉር በሽታ ነው

ጥያቄው ከጅማ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ዕድሜዬ 24 ነው፤ ባጃጅ እነዳለሁ። የዛሬ 8 ወር ገደማ ከጭራ አጥንቴ ላይ፣ መቀመጫዬ መሰንጠቅ ከሚጀምርበት ቦታ እንደ ብጉንጅ ያለ ነገር አበጠ። ሦስት ቀን መቀመጥ አቃተኝ። በአራተኛው ቀን ራሱ ፈነዳና እፎይ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን አልተወኝም። ትንሽ ይደርቅና ደግሞ ይመግላል። ሱሪዬን ያረጥበዋል፣ ይሸታልም። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ሦስት ጊዜ ገዝቼ ውጫለሁ። እናቴ ብርድ ነው ትላለች። ጓደኛዬ ኪንታሮት ነው፣ ያለ ቀዶ ጥገና የሚነቅል ሰው አውቃለሁ ይለኛል። የማውቀው አንድ ልጅ ደግሞ ተቆርጦ ወጥቶለት ተመልሶበታል። በቅርቡ ላገባ ነው። ምንድን ነው? መቆረጥ አለብኝ? ወደ ካንሰርስ ይቀየራል?»

የገለጽከው ነገር ፓይሎናይዳል ሳይነስ ከሚባለው በሽታ ጋር በደንብ ይገጥማል። ቦታው፣ ዕድሜህ፣ አብጦ መፈንዳቱ፣ እየደረቀ መመለሱ ሁሉ ወደዚያ ይጠቁማል። ስሙ ከላቲን የመጣ ነው፤ «የፀጉር ጎጆ» እንደማለት ነው። በ1880 እ.ኤ.አ. ይህን ስም ያወጣው ሆጅስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ስሙን አስታውሰው፤ በሽታው ምን እንደሆነ በሁለት ቃል ይነግርሃል። ከቆዳህ ሥር የተከማቸ ፀጉር አለ። ሰውነትህ ያንን ፀጉር እንደ እሾህ ቆጥሮ ሊያስወጣው ይታገላል። መግሉ የዚያ ትግል ውጤት ነው።

ኪንታሮት አይደለም። ኪንታሮት በፊንጢጣ ላይ ወይም ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ነው፤ ሰገራ ስትወጣ ይደማል ወይም ብቅ ይላል። ያንተ ቁስል ከፊንጢጣ አራት አምስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ አጥንቱ ላይ ነው ያለው። ሁለቱ ሰፈራቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ነው የሚምታቱት። ይህን አጥብቄ የምናገረው «ኪንታሮት እንነቅላለን» የሚሉ ሰዎች የሚቀቡት ነገር ብዙ ጊዜ ሥጋ የሚያቃጥል ስለሆነ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ከተቀባ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ቁስሉን ያሰፋል፣ ውስጥ ያለውን ፀጉር ግን አይነካውም። በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ለመዝጊያ የሚፈልገውን ደህና ቆዳም ያሳጣዋል። ጓደኛህ ቢያስብልህ ነው፤ ግን እንዳትሄድ።

ብርድም አይደለም። እናትህ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ የመታህ ብርድ ነው ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ ሁላችንም የሰማነው ነገር ነው። ግን ብርድ ቆዳ በስቶ አይገባም። የንጽሕና ጉድለት ነው የሚባለውም ልክ አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ የሚታጠቡ ሰዎችም ይታመማሉ። ይህን ሐሳብ ከጭንቅላትህ አውጣው፤ ሰውን ከሐኪም የሚያርቀው ይህ ሐፍረት ነው። ለወራት ሶፍት አጥፎ ከውስጥ ልብሱ ሥር እያደረገ፣ ለማንም ሳይነግር የኖረ ወጣት ስንቱን አይቻለሁ። ገና ሲጀምር ቢመጣ በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነበር።

ፀጉሩ እንዴት ይገባል? ቦታው ላይ የሚበቅለው ብቻ አይደለም። ከጀርባ የረገፈ፣ ፀጉር ቤት ተቆርጦ በአንገት በኩል የወረደ ብጥስጣሽም እየተንሸራተተ ወደ ታች ይሄድና ስንጥቁ ውስጥ ይጠራቀማል። ፀጉር ለዓይን ለስላሳ ይመስላል እንጂ ላዩ ቅርፊት ቅርፊት ነው፤ ቅርፊቶቹም ወደ አንድ አቅጣጫ የተኙ ናቸው። የገብስ ጢም እጅጌ ውስጥ ሲገባ የሚያደርገውን ታውቃለህ። በተንቀሳቀስክ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል እንጂ አይመለስም። ፀጉርም እንደዚያው ነው። ስትቀመጥ፣ ስትነሳ፣ መቀመጫህ ሲፋተግ፣ ላብ ቆዳውን ሲያለሰልሰው፣ አንዷ ፀጉር ጫፏን ትሰካለች። ከዚያ መንገድ ተከፍቷል። ሌሎቹ ይከተሏታል። መሃል መስመሩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያክሉ ስርጉድ ያሉ ነጥቦች ይፈጠራሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ ቦይ ይሠራል። ቦዩ ሲዘጋና ጀርም ሲገባበት ያብጣል። መግሉ ሲበዛ ጎን ላይ ሌላ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። አንተ የምታየው ያንን የመውጫ ቀዳዳ ነው። የበሽታው በር ግን መሃል ላይ ያሉት ትንንሾቹ ነጥቦች ናቸው፤ በቀላሉ አይታዩም።

ድሮ ሰው ይዞት የሚወለድ በሽታ ነው ይባል ነበር። ያንን ካስቀየሩት ማስረጃዎች አንዱ የፀጉር አስተካካዮች እጅ ነው። የደንበኞቻቸው ፀጉር በጣቶቻቸው መካከል ገብቶ ልክ እንደዚህ ያለ ቁስል ይፈጥርባቸዋል። በጣት መካከል ማንም ይዞት አይወለድም።

ባጃጅህ አምጥቶብህ ይሆን? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ 80,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮች በዚህ በሽታ ሆስፒታል ገብተዋል። በጂፕ ብዙ ስለሚንገጫገጩ ነው ተብሎ «የጂፕ በሽታ» የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ ግን መንገጫገጩ ብቻውን በሽታውን እንደማያመጣ እናውቃለን። ፀጉር ከሌለ ጂፑም ባጃጁም ምንም አያደርጉም። ፀጉሩ ካለ ግን ረጅም ሰዓት ላስቲክ ወንበር ላይ በላብ መቀመጥ ሥራውን ያቀልለታል። ፀጉራም መሆን፣ ስንጥቁ ጥልቅ መሆኑ፣ ውፍረት፣ በቤተሰብ ውስጥ መኖሩም ይጨምሩበታል። ወንዶች ከሴቶች ይበልጥ ይያዛሉ። አብዛኛው ታማሚ ከጉርምስና እስከ ሠላሳዎቹ ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው፤ ከ40 በኋላ አዲስ ሲጀምር ብዙም አይታይም።

አሁን ወደ አሞክሳሲሊኑ። ሦስት ጊዜ ውጠህ ያልዳንከው መድኃኒቱ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ጠንከር ያለ ብትገዛም አይሠራም። መድኃኒት በደም ነው የሚሄደው፤ ቦዩ ውስጥ ላለው የሞተ ፀጉር ደግሞ ደም አይደርሰውም። እሾህ ከእግርህ ሳይወጣ ኪኒን ብትውጥ እንደማለት ነው። አንቲባዮቲክ ቦታ የሚኖረው በዙሪያው ያለው ቆዳ ቀልቶ ሲስፋፋ፣ ትኩሳት ሲኖር፣ ወይም ሰውየው ስኳር ያለበት ወይም የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ሲሆን ነው። ያን ጊዜም እብጠቱን ከፍቶ መግሉን ከማፍሰስ ጋር እንጂ በሱ ፋንታ አይደለም። አራተኛ ዙር እንዳትገዛ።

ይህ በሽታ በሦስት መልክ ይገኛል፤ ሕክምናውም እንደ መልኩ ነው። የመጀመሪያው ነጥቦቹ ብቻ ኖረው ምንም የማያም፣ ምንም የማያመግል ነው። እሱ አይነካም። ጤነኛ ሰው «ለመከላከል» ብሎ አይቆረጥም።

ሁለተኛው አብጦ፣ ቀልቶ፣ መቀመጥ የሚከለክለው ነው። አንተ የዛሬ 8 ወር የነበርክበት ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በማደንዘዣ መርፌ አደንዝዞ ከፍቶ ማፍሰስ። ይህን ለመሥራት ትልቅ ሆስፒታል አያስፈልግም። ከሰቃም ከሰርቦም ለዚህ ብሎ ጅማ ድረስ መምጣት ግዴታ አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ያለበት ጤና ጣቢያ ይሠራዋል። አንድ ነገር ግን ለባለሙያው ብትነግረው ደስ ይለኛል። የሚቀደደው ከመሃል መስመሩ ጎን ላይ ይሁን። መሃል ላይ የተቀደደ ቁስል ለመዳን ይለግማል። በትክክል ከተከፈተላቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቁስላቸው ይድናል። የተወሰኑት ላይ ግን ይመለሳል፤ ስለዚህ ዳነ ተብሎ አይረሳም። ባበጠበት ሰዓት ትልቁን ቀዶ ጥገና መሥራት ጥሩ አይደለም። ሥጋው አብጦና ተቆጥቶ እያለ የት ድረስ እንደሚቆረጥ አይለይም።

ራሱ እንዲፈነዳ መጠበቅስ? አንተ እንዳየኸው ይፈነዳል። ግን በፈለገው በኩል ነው የሚፈነዳው፤ ሁሉንም አያፈስም፣ ፀጉሩም ውስጥ ይቀራል። በመርፌ መብጣት፣ መጭመቅ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅጠል መለጠፍ ይቅር። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ሕመሙን ያበርዳል፤ ፓራሲታሞልም ይረዳል። እነዚህ ግን ሐኪም ጋ እስክትደርስ ነው።

ሦስተኛው አሁን ያለህበት ነው። ስር የሰደደ፣ እየደረቀ የሚመገል። ለዚህ ብዙ ዓይነት ሕክምና አለ፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «መቆረጥ» አንድ ነገር ይመስለዋል። የምታውቀው ልጅ ተቆርጦ ስለተመለሰበት አንተም ላይ ይመለሳል ማለት አይደለም። ጥያቄው እንዴት ተቆረጠ የሚለው ነው።

ቀላሉ መንገድ ነጥቦቹን ብቻ፣ እያንዳንዳቸውን የሩዝ ፍሬ በምታክል ቆዳ ለይቶ ማውጣት፣ በጎን በኩል ትንሽ ከፍቶ ፀጉሩንና የሞተውን ሥጋ ጠርጎ ማጽዳት ነው። በማደንዘዣ መርፌ ይሠራል፣ በዚያው ቀን ቤትህ ትገባለህ። ባስኮም የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ያስፋፋው ዘዴ ነው። በሽታው ትንሽ ሲሆን፣ ነጥቦቹ ጥቂት ሲሆኑ እኔ ከዚህ ነው የምጀምረው። የመመለስ ዕድሉ ከትልቁ ቀዶ ጥገና ይበልጣል፤ እውነቱን ልንገርህ። ግን ቢመለስም ያጣኸው ነገር ትንሽ ነው። ደግሞ መሥራት ይቻላል።

ሌላው ሁሉንም ቆርጦ አውጥቶ ሳይሰፉ መተው ነው። ቁስሉ ከሥሩ እየሞላ ቀስ ብሎ ይድናል። አሠራሩ አስተማማኝ ነው፤ ግን ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር በየቀኑ ፋሻ መቀየር ይፈልጋል። ለባጃጅ ነጂ ይህ የገቢ ጥያቄ ነው። የሚቀይርልህ ሰውም ያስፈልግሃል፤ ቦታው ለራስ እጅና ዓይን አይመችም።

ሦስተኛው ቆርጦ በዚያው መሃል መስመር ላይ ቀጥ አድርጎ መስፋት ነው። ይህን አልመክርህም። ስፌቱ ያረፈው በሽታው የጀመረበት፣ ላብ የሚጠራቀምበት፣ በተቀመጥክ ቁጥር የሚወጠርበት ጥልቅ ቦታ ላይ ነው። ይላቀቃል፣ ይመግላል፣ ፀጉርም አዲሱ ጠባሳ ውስጥ ይሰካል። የምታውቀው ልጅ እንዲህ ሆኖ ከሆነ አይገርመኝም። ዘዴዎቹን ያነጻጸሩ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ይህንኑ ነው። ከተሰፋ አይቀር ስፌቱ ከመሃል ወጥቶ ጎን ላይ ይሁን። ቁስሉ ቶሎ ይድናል፣ መመለሱም ይቀንሳል።

ስፌቱን ወደ ጎን የሚያወጡ ዘዴዎች የታወቁት ሦስት ናቸው። ካሪዳኪስ፣ የባስኮም ስንጥቅ ማንሻ፣ እና ሊምበርግ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአንድ ጎን ቆዳውን አንቀሳቅሰው የስንጥቁን ጥልቀት ይቀንሳሉ። ሊምበርግ ደግሞ የበሽታውን ቦታ እንደ ካሮ ቅርጽ ቆርጦ ከጎን በተነሳ ቆዳና ሥጋ ይሸፍነዋል። ጠባሳው ትልቅ ነው፤ ሰፊ በሽታ ላለበት ግን ይጠቅማል። ከሦስቱ የቱ እንደሚሻል ልትጨነቅ አይገባም። ቀዶ ሐኪሙ በደንብ የለመደው ይሻላል። ስፌት የሚነሳው ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት አካባቢ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት አስብ፤ ባጃጅ ላይ ለመቀመጥ አራቱን ያዝ።

ከመወሰኑ በፊት ሐኪሙ ሌላ በሽታ አለመሆኑን ያረጋግጥ። ቀዳዳው ለፊንጢጣ ቅርብ ከሆነ ፊስቱላ፣ ማለትም ከፊንጢጣ ውስጥ ተነስቶ ቆዳ ላይ የሚከፈት ቦይ፣ ሊሆን ይችላል፤ የሱ ሕክምና ፈጽሞ ሌላ ነው። በብብትና በብሽሽትም እንዲህ የሚመግል ነገር ካለ የላብ ዕጢ አካባቢ የሚነሳ የቆዳ በሽታ ይታሰባል። በእኛ አገር ደግሞ ቲቢን መርሳት አይቻልም። በተለይ የማይድን፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው ቁስል ላይ፣ ክብደት መቀነስና የማታ ላብ ካለ። ስለዚህ ተቆርጦ የሚወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ለፓቶሎጂ ምርመራ ይላክ። የስኳር ምርመራም ይደረግልህ። ለተለመደው ዓይነት ኤምአርአይም ሲቲ ስካንም አያስፈልግም፤ ሐኪም በዓይኑ አይቶ የሚለየው በሽታ ነው። ገንዘብህን ለፋሻ አስቀምጠው።

ከቢላው ይልቅ የሚወስነው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ጥሩ የተሠራ ቀዶ ጥገና በመጥፎ አያያዝ ሲበላሽ ማየት ያሳምማል። ክፍት ቁስል በየቀኑ በንጹሕ ወራጅ ውሃ ይታጠባል። ሻወር ከሌለ በጆግ ማፍሰስ ይበቃል። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል። አልኮልና በረኪና ቁስል ውስጥ አይገቡም፤ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ይገድሉታል። ጎዙ በስሱ ይቀመጣል እንጂ ተጠቅጥቆ አይሞላም። ከላይ ያለው ቆዳ ቀድሞ ተገናኝቶ ከሥር ባዶ እንዳይቀር በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ባለሙያ ይየው። ዙሪያውን ያለው ፀጉር እየታጨደ ይቆይ፤ አንዲት ፀጉር ቁስሉ ውስጥ ከወደቀች ታሪኩ እንደገና ይጀምራል። ሲጋራ ካጨስክ ቢያንስ እስክትድን ተወው፤ ቁስልን ያዘገያል።

በምላጭ መላጨትስ? ብዙ ሰው ለዓመታት እንዲላጭ ይመከራል። ከዳነ በኋላ በምላጭ መላጨትን መቀጠል ግን መመለሱን ሲቀንስ አልታየም፤ ያበዛዋል የሚል ጥናትም አለ። ምላጭ ሹል ቁራጭ ፀጉር ይተዋል፣ ቆዳም ይጭራል። በፀጉር ማሳጠሪያ ማሽን ማሳጠር ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው የሌዘር ፀጉር ማስወገጃ ነው፤ መመለሱን ይቀንሳል። ብዙ ዙር ይፈልጋል፣ ርካሽም አይደለም። ካሰብክበት ለጥቁር ቆዳ የሚሆን ኤንዲ ያግ የሚባለው ዓይነት መሆኑን ጠይቅ። ለነጭ ቆዳ የተሠራው የእኛን ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ሌዘር ካልተገኘ አትጨነቅ። ፀጉር ቤት በሄድክ ቀን ቤት ስትገባ ጀርባህን እስከ ታች ታጠብ። ጥቂት ሰው የሚያደርገው፣ ምንም የማያስከፍል ነገር ነው።

ሥራህን ተው አልልህም። ተራ ስትጠብቅ ግን ከባጃጁ ወርደህ ቁም። በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በክረምት ጅማ ዝናቡ እንደምታውቀው ነው፤ የረጠበ ሱሪ ለብሰህ ቀኑን ሙሉ አትቀመጥ፣ መቀየሪያ ያዝ። ወንበሩ ላይ ጥጥ ጨርቅ አንጥፍበት። ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ላይ ለጫት የሚቀመጠውም ሰዓት ይቆጠራል፤ እዚህ ላይ የማወራው ስለ ጫቱ አይደለም፣ ሳይነሱ ስለሚያልፉት አራት አምስት ሰዓታት ነው።

ካንሰር ለጠየቅከው፦ ይከሰታል፣ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ያም ለብዙ ዓመታት ሳይታከም ሲመግል በኖረ ቁስል ላይ ነው። የ8 ወር ቁስል ለዚህ አያሰጋህም። ለጋብቻህም አታስብ። አይተላለፍም። ልጅ መውለድንም ሆነ የአልጋ ነገርን አይነካም። ለእጮኛህ ንገራት፤ ፋሻ የሚቀይርልህ ሰው ስትፈልግ ከማን ትደብቀዋለህ?

የምመክርህ ይህን ነው። ሠርጉ ቢቀርብም ቢርቅም በዚህ ሳምንት ታየው። አሁን ስላላበጠ ጊዜው ጥሩ ነው። የጤና መድን ካለህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያህ ሄደህ ሪፈር አጽፍ፤ ያለ እሱ ወጪው ወዳንተ ሊዞር ይችላል። ከዚያ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ቅረብ። ነጥቦቹ ጥቂት ከሆኑ ትንሹ ሕክምና ይሠራልህ። በሽታው ሰፊ ከሆነ ወይም ትንሹ ተሞክሮ ከተመለሰ ስፌቱ ጎን ላይ የሚያርፍ ቀዶ ጥገና ጠይቅ። «ስፌቱ የት ላይ ነው የሚያርፈው?» ብለህ በግልጽ ጠይቀው፤ ጥሩ ሐኪም በጥያቄው አይቀየምም። መሃል ላይ ነው ካለህ ምክንያቱን ያስረዳህ፤ ካላሳመነህ ሌላ ሐኪም ማማከር መብትህ ነው። ትልቁ ቀዶ ጥገና ከሆነ ከሠርጉ በፊት ቢያንስ ሁለት ወር ይኑርህ። ያ ጊዜ ከሌለህ ከሠርጉ በኋላ ይሁን፤ እስከዚያ ቦታውን እያጠብክ፣ ፀጉሩን እያሳጠርክ፣ ንጹሕ ጎዝ እያደረግክ ቆይ።

እስከዚያ ድረስ ድንገት ካበጠ፣ ቀዩ እየሰፋ ከሄደ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ቀጠሮህን አትጠብቅ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂድ።